የዳክዬዎቹ ጥምቀት

ስለሺ አፉን መያዝ ቢችል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። እናቱ በቀለች ጄኔቭ ውስጥ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ኮሚቴ አባልም ናት። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ምእመናኑ በፖለቲካ ለሁለት ተሰንጥቀው፣ ጥምቀትን እንኳ በአንድ ውኃ ዳር ማክበር አቅቷቸዋል። ዘንድሮ እነዚያኞቹ የተለመደውን ዳርቻ ቀድመው ያዙት። እናቱ ደወለችና፣ «ልጄ፣ እናንተ ዙሪክ በኩል ሰው የማይደርስበት ውኃ የለም ወይ?» አለችው። እሱ ደግሞ ጉራ ይወዳል፤ «እኔ የምሠራበት አለልሽ፤ ከዲቤንዶርፍ ወዲያ። ጥርን ሙሉ ዝር የሚል የለም» አላት።

ዝር የሚል የሌለው ስለተከለከለ ነው። ያንን አልነገራትም።

ስለሺ እዚያ ሐይቅ ዳር ሸምበቆ እያጨደ ሙያ ይማራል፤ ሌሬ የሚሉት የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ፣ ከሰሜን አውሮፓ በረዶ ያባረራቸው ዳክዬዎች መጥተው ሸምበቆው ውስጥ ይሰፍራሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቃቸውም የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ሸምበቆውን መንጥሮ የጀልባ ማቆሚያ ሊሠራበት አሰፍስፏል። የዛሬው የወፍ ቆጠራ ነው የሚወስነው። ወፍ ከጠፋ ሸምበቆው ይሄዳል፤ ሸምበቆው ከሄደ የስለሺም ትምህርት ውኃ በላው ማለት ነው።

አለቃው ፍራው ሞዘር መነጽሯን አስተካክላ መቁጠር እንደጀመረች ከበሮ ተመታ። ጃንጥላው ከዛፎቹ መሀል ብቅ አለ፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ተከተለ፤ ከሁሉ ፊት እናቱ ጫማዋ ላይ ፌስታል አጥልቃ ጭቃውን ትረግጣለች።

«እነማን ናቸው?» አለች ሞዘር።

«እኔ እንጃ፤ አላውቃቸውም።»

ጴጥሮስ ሲክድ ዶሮ ጮኸ። ስለሺ ሲክድ እናቱ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የሐይቁ ዳክዬ በሙሉ ብድግ ብሎ ወደ ማዶ ነጎደ።

ሞዘር በንዴት ፊቷ ቀልቶ ወደ ሰዎቹ ወረደች፤ ስለሺም ተከተላት። ከጄኔቭ መምጣታቸውን ስትሰማ በፈረንሳይኛ አፋጠጠቻቸው። «እዚህ መግባት ክልክል ነው። ማን ጠቆማችሁ? ይሄ ልጅ ነው? ያውቁታል?»

በቀለች የሴትዮዋን ፊት አየች፤ የልጇን የሥራ ልብስ አየች። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪ ቁጣ የት እንደሚያደርስ ታውቃለች። «አላውቀውም» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። «መንገድ ጠፍቶን ነው። ይሄን ልጅ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ስለሺ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። እሱ ለራሱ ብሎ ካዳት፤ እሷ ለሱ ብላ ካደችው።

«እናቴ ናት» አለ። «ቦታውንም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ምን ይቀባጥራል! አላውቀውም አልኩ እኮ» አለች በቀለች በፈረንሳይኛ። ወዲያው በነጠላዋ ሥር እጇን ሰዳ ክንዱን ምዝልግ አደረገችው፤ በአማርኛም፣ «አንተ ደንቆሮ፣ በገዛ እንጀራህ!» አለችው።

ፍራው ሞዘር አማርኛ አታውቅም፤ ቁንጥጫውን ግን አይታለች። ባዶውን ውኃ ስታይ ቆየችና ወደ ስለሺ ዞረች።

«ለእናትህ ንገራት። ወፎቹ ተመልሰው ቆጥሬ እስክጨርስ ከዚህ ሁሉ ሰው ትንፍሽ የሚል ካለ፣ ሌሬህን እርሳው።»

በቀለች ዞር ብላ ቄሱን ሳይቀር በዓይኗ ገረመመቻቸው። ሕዝቡ ጭጭ አለ። ስለሺ እናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ እሷም የመዘለገችውን ክንዱን እያሻሸችለት ማዶ ማዶውን ታያለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የሚነቃነቅ ግን የለም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ዳክዬ ውኃው ላይ አረፈች።

በቀለች ወደ ልጇ ጆሮ ተጠጋች።

«ያቺን ቆጠረቻት?» አለችው።