ለአምበሉ የተነሣው ጽዋ

«ለአምበላችን!» ብሎ ቫሊኮ ቀንድ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ፣ ኡቻ የጎረሰውን የበቆሎ ቂጣ ሳያላምጥ ዋጠው። ከትናንት ጀምሮ ስለ አሰልጣኙ ስልክ ከሚስቱ ከናቲያ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዞር ብሎ አያት። እሷም ከጠረጴዛው ሥር ጭኑን ቆነጠጠችው፤ እኔ አልተናገርኩም ማለቷ ነበር።

«ለራግቢ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አምበል!» ቫሊኮ ድምፁን ጨመረ። «በዚህ በተቀደሰ የፋሲካ ቀን፣ ክርስቶስ ከሙታን በተነሣበት ቀን፣ የመንደራችንን ስም ላስነሣው ልጅ! ለባድሪ!»

ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጩኸቱ ከግቢው የዋልነት ዛፍ ላይ ወፎቹን አስነሣ። የባድሪ እናት እትዬ ጺያላ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ኡቻም ከሁሉም ጋር ቆመ፣ ከሁሉም ጋር ጠጣ። እዚህ ጉሪያ አውራጃ የተነሣ ጽዋ ቆሞ ይጠጣል እንጂ፣ «ቆይ፣ ስሕተት አለው» አይባልም።

ቫሊኮ በአዘቦቱ ቀን ኦዙርጌቲ ከተማ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ ይነዳል። ግብዣ ሲሆን ግን ታማዳ ነው፤ ማዕዱን የሚመራ እሱ፣ ጽዋ የሚያነሣ እሱ፣ ለተናጋሪ ቃል የሚሰጥና የሚነሣም እሱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥልጣኑ የተገዳደረው የለም።

«ማን ነገረህ ግን?» አለ ከላይ ሰፈር አንዱ፣ ቀን በኳሱ ትግል የተቧጨረ ግንባሩን እያሻሸ። በየፋሲካው የላይና የታች ሰፈር ወንዶች አንዲት ከባድ ኳስ ሲቀማሙ ይውላሉ፤ ዘንድሮ ታች ሰፈር አሸንፏል። አሁን ደግሞ አምበሉም ከታች ሰፈር መሆኑ ነው።

«የእህቴ ልጅ ዋና ከተማው ትብሊሲ፣ የራግቢ ፌዴሬሽኑ በር ላይ ዘበኛ አይደል? ‹አጎቴ፣ አምበሉ ከናንተ መንደር ነው፣ ከፊት ረድፍ ነው› አለኝ። ሌላ ምን ልጠይቀው? የሒሳብ ጥያቄ ነው እንዴ?»

«የኛ ሰፈሩ ኡቻም እኮ የፊት ረድፍ ነው፤ ከባድሪ ጎን ነው የሚሰለፈው።»

«ኡቻ?» ቫሊኮ ወይኑ እስኪፈስ ሳቀ። «ኡቻማ በገዛ ሠርጉ ቃል ብሰጠው፣ ‹ኑሩልኝ› ብሎ ጠጥቶ ቁጭ ያለ ልጅ! እሱ አምበል ከሆነ ዳኛው መጀመሪያ የምልክት ቋንቋ ይማር!»

ማዕዱ በሳቅ ተናጋ። ኡቻም ሳቀ፤ እውነት ነዋ። አንድ መቶ አሥራ አራት ኪሎ የሚመዝን፣ ፈረንሳይ አገር ለታወቀ ክለብ የሚጫወት ሰው፣ ሃያ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያንቀጠቅጠዋል። አሰልጣኙ ትናንት ደውሎ «አምበል አንተ ነህ፤ ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስህን ንገረኝ» ሲለውም መጀመሪያ የመጣበት ይኸው ነው፤ የማይናገር አምበል ምን አምበል ነው? ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ላይ እሺ ሊል ትንሽ ነበር የቀረው። አሁን መንደሩ ፈረደ።

እትዬ ጺያላ እንባዋን ጠራርጋ መጥታ እሱንም አቀፈችው። «አንተም ደስ ይበልህ የኔ ልጅ። ወንድምህ ማለት እኮ ነው።»

«ደስ ብሎኛል እትዬ» አለ ኡቻ። ማሰሮውን አንሥቶ ወይን ሊቀዳ ወደ ጓሮ ሄደ።

ወይኑ ከነጋኑ መሬት የተቀበረበት ቤት ቀዝቃዛ ነው። ናቲያ ተከትላው ገባችና በሩን ዘጋችው።

«ደውለህ ልትተውለት ነው አይደል?»

«ጠጡለት እኮ ናቲያ። እንደዚያ ሲደሰቱ አላየሽም?»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ትፈልገዋለህ፣ አትፈልገውም?»

«እፈልገዋለሁ።»

ከአፉ የወጣበት ፍጥነት እሱኑ አስደነገጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይፈልገው ነበር፤ ብቻ ጮክ ብሎ ብሎት አያውቅም።

«ታዲያ?»

«የእናቱን ፊት አላየሽውም?»

«አየሁት። አንተስ የኔን አይተኸዋል?»

ኡቻ ሊመልስላት ሲል በሩ ተበረገደና ባድሪ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወርዱ ከበሩ ይሰፋል። ጢሙ ላይ የቀይ ፋሲካ እንቁላል ቅርፊት ተጣብቋል፤ ከዚህ ቤት እስከዚያ ቤት እንቁላል ሲያጋጭ ነው የዋለው።

«ለአሰልጣኙ እሺ አልከው?» አለ ገና ቀና ሳይል።

ኡቻና ናቲያ ተያዩ። «ታውቅ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ደውሎ ‹በማን ብትመራ ደስ ይልሃል?› ሲል ጠየቀኝ። በኡቻ አልኩት።»

«ታዲያ እዚያ ለምን ዝም አልክ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ናቲያ።

«ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ደግሜ ስከፍት ቫሊኮ ሌላ ቀንድ ሞልቶ ሰጠኝ። ምን ላድርግ? ጠጣሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ባልሆነው ነገር ሲጠጣለት ወይኑ ራሱ ጉሮሮ ላይ ይቆማል።» ጋኑ አፍ ላይ ቁጭ አለ። «የቡካሬስቱን ጨዋታ ረሳኸው?»

«ቢጫ ካርድ ያገኘህበትን?»

«እሱን። ዳኛው ደጋግሞ ቅጣት ሲሰጥብን እኔ እንደ በሬ ተቆጣሁ፣ ጮኽኩበት፣ አስወጣኝ። አንተ ሄደህ ምን አልከው?»

«ምን እንድናስተካክል ትፈልጋለህ አልኩት። እሱም ነገረኝ።»

«ከዚያስ?»

«መጥቼ ለናንተ ነገርኳችሁ።»

«ከዚያ በኋላ አንድም ቅጣት አልተሰጠብንም፤ አሸንፈን ወጣን። እኔ ከሜዳው ጠርዝ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ካላመንክ ዳኛውን ጠይቀው፤ አንተ ስትጠይቅ ይመልስልሃል።»

ኡቻ ማሰሮውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። ደስ አለው፤ ደስታው ግን ፈሪ ነበር። «እንግዲያው አንተ ንገራቸው። አንተን ይሰሙሃል።»

«አልነግርም።»

«ለምን?»

«እኔ ብነግራቸው ‹ባድሪ ደግ ነው፣ ለልጁ ለቀቀለት› ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜህን ሙሉ እኔ የተውኩልህን እንደያዝክ ትኖራለህ። አልለቀቅኩልህም፣ ያንተው ነው። ራስህ ተናገር።» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ደግሞ ቶሎ በል፤ ሌላ ሁለት ጽዋ ከጨመሩልኝ እናቴ ሐውልት ታሠራልኛለች።»

ሲመለሱ ፀሐይ ከሻይ ተክሉ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነበረች። ቫሊኮ ስለ ሰላም ጽዋ አንሥቶ ገና መጨረሱ ነው። ኡቻ ማሰሮውን አስቀመጠ፤ አልተቀመጠም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። ሜዳ ላይ አምስት እጥፍ የሚከብደውን ግፊያ በትከሻው ሲመልስ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«ጋሼ ቫሊኮ፣ ቃል ይሰጠኝ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ኡቻ ሊናገር ነው!» አለ አንዱ ከታች ሰፈር ወገን። «አትተንፍሱ፣ ሳትሰሙት ያልፋችኋል!»

ቫሊኮ በሳቅ እየተፍለቀለቀ ቀንዱን ሞልቶ አቀበለው። «ተሰጥቶሃል ልጄ። ኑሩልኝ በልና ጨርስ።»

ኡቻ ወደ ባድሪ እናት ዞረ። መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት ብሎ ነው።

«እትዬ ጺያላ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አምበሉ ባድሪ አይደለም። እኔ ነኝ።»

እትዬ ጺያላ ልጇን አየችው። ባድሪ ጉንጩ በጥብስ እንደተሞላ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀላት፤ ፊቱ ላይ ጽዋው ከተነሣለት ጀምሮ ያልነበረ ሳቅ ነበር። እሷም ልጇን ታውቀዋለች፣ ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። እንደገና ወደ ኡቻ ዞረች።

«እና አንተ ልጄን ልታዘው ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«እስቲ ይሰማህ እንደሆነ አያለሁ! እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት አዝዤው አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም።»

ሳቁ ፈነዳ። ላይ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ተነሣ፤ ሽማግሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በሦስት ድምፅ ዘፈን አወረዱ። ታች ሰፈር «ኳሱን ብናሸንፍ አምበሉን ወሰዱብን!» ይላል፤ ላይ ሰፈር «ኳሱን የወሰዳችሁት እናንተ!» ብሎ ይመልሳል፤ ማን ከማን እንደሚሟገት አይታወቅም። እትዬ ጺያላ ከወንበሯ ተነሥታ ኡቻን ግንባሩ ላይ ሳመችው፤ አሁንም ታለቅሳለች፣ የቱ ለቅሶ እንደሆነ ግን እሷም የምታውቅ አትመስልም። ናቲያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ቫሊኮ ብቻ አልሳቀም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጽዋው ሲሳሳት ይኸ የመጀመሪያው ነው። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠረጴዛውን መታ።

«የተጠጣ ጽዋ አይተፋም!» አለ። «ለባድሪ የጠጣነው ለጤናው ይሁነው። ለአምበሉ እንደ አዲስ እንጠጣለን፤ ወይን እንደሆነ አልጎደለብን! በል ኡቻ፣ ተናግረሃል፣ ከሠርግህ ቀን አሥር እጥፍ ተናግረሃል። ጠጣውና ቁጭ በል።»

ኡቻ ቀንዱን አየው። ፀሐይዋ ኮረብታውን ነክታለች፤ አሰልጣኙ ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ይሆናል። ቁጭ ማለት ቀላል ነበር። እሱ ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ከለቀቀ ቆይቷል።

«ይቅርታ ጋሼ ቫሊኮ» አለ። «ገና አልጨረስኩም።»