ቀኙ ታሞ፣ ግራው ለምን?

ልብስ ሰፊዋን ቤተሰቡ «ለምኔ» ይላታል፤ ከአፏ «ለምን» ጠፍቶ ስለማያውቅ። ከልቧ ወደ ሳንባዋ ደም የሚወጣበት በር ሲፈጥራት ጀምሮ ጠባብ ነው። በልጅነቷ እምብዛም አላስቸገራትም። ሠላሳን ካለፈች ወዲህ ግን ትንሽ ሥራ ያዝላት ጀመር። አንድ ቀን ጨርቅ ስትቆርጥ ዓይኗ ጭልም አለባትና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። አክስቷ ያኔውኑ እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ሐኪሟ ደረቷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ስታንሸራትት፣ ለምኔ አንገቷን ጠምዝዛ ስክሪኑን ለማየት ተንጠራራች።

«አርፈሽ ተኚ እንጂ!» አለች አክስቷ።

«የገዛ ልቤ አይደል እንዴ? ልየው።»

ሐኪሟ ሳቀችና ስክሪኑን አዞረችላት። «ይኸውልሽ፣ ይሄ የቀኙ ክፍል ነው። በጠባብ በር ደም ሲገፋ ኖሮ ጡንቻው ወፍሯል፤ ውስጡ ያለው ግፊትም በጣም ከፍ ብሏል።»

«ለሰውነቴ ደም የሚረጨው ግራው አይደል? ቀኙ ቢታመም እኔ ለምን እዝላለሁ?»

«ጥሩ ጠየቅሽ። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ወደ ቀኝ ጎበጥ ማለት ነበረበት፤ ግፊቱ ግን ወደ ግራ ገፋው። ግራው ክብ መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ጨረቃ መሰለ፣ አየሽ? በሳንባ በኩል የሚደርሰው ደምም አንሷል። ታዲያ ያልሞላ ምን ይረጫል?»

«የክፉ ጎረቤት ነገር! አጥር ገፍቶ ይገባል» አለች አክስቷ።

«ክፉስ አይደለም» አለች ለምኔ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «መውጫ አጥቶ ነው።»

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሞቹ በጭኗ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ የጠበበው በር ውስጥ ነፍተው ከፈቱት። ለምኔ ስትነቃ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ግድግዳውስ?» የሚል ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ አሳየቻት። ግድግዳው ወደ ቦታው እየተመለሰ፣ ግራውም እየከበበ ነው። «የወፈረው ጡንቻ እስኪሳሳ ግን ወራት ይፈጃል፤ የለመደውን ቶሎ አይተውም» አለቻት።

ቤት እንደገቡ አክስቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ቀኙ የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ፣ ከፊት፤ ከደረቴ አጥንት ሥር።»

«ስሙ ቀኝ፣ ቦታው ፊት! ጉድ እኮ ነው» አለችና ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። «ዝም በይ አሁን፣ ልስማው።»