የአንድ ሰዓት በረራ

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቤካና ጓደኛው ኡክሳም በደቡብ አልጄሪያ በረሃ በምትገኘው በታማንራሰት ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ነበሩ። በዚያው ቀን ጎህ ሲቀድ የቤካ እናት፣ ጃኔት በምትባለው ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ጃኔት በመኪና ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ነው።

ቤካ ለአጎቱ ደወለ። «አጎቴ፣ ሳልደርስ እንዳትቀብሯት።»

«እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እንጠብቅሃለን፣ ልጄ። ከዚያ በላይ እህቴን አላቆያትም።»

«ግመል ላይ መውጣት እየፈራህ፣ ዛሬ ሰማይ ልትወጣ ነው?» አለው ኡክሳም ሊያጽናናው። ቤካ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነስቶ ጃኔት ሰማይ ላይ ደረሰ። ከተማዋን ግን የአሸዋ ማዕበል ሸፍኗት ነበር። አብራሪው ሁለት ጊዜ ዞሮ ማረፍ ስላልቻለ ተመለሰ። ቤካ እናቱ ካሉበት ቤት በላይ እያለፈ በመስኮቱ ያየው ቢጫ አቧራ ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ ቤካ ተመልሶ ታማንራሰት ላይ ወረደ። እናቱ በዐስር ሶላት ተቀበሩ።