የአክስት ቬርና በርገር ምንም አይልም

ሚስተር ካፑቶ ያሰቡትን የሚናገሩ ሰው ናቸው። በዱሉዝ ከተማ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበረን፤ እሱም ሰክሮ ነበር።

ከኒው ጀርሲ መጥተው የጋዜጣችን ዋና አዘጋጅ ከሆኑ ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም። «ቪንስ ብለሽ ጥሪኝ» ይሉኛል፤ አፌ እምቢ ይለኛል። እኔ በጋዜጣው ላይ የምጽፈው የሞት ማስታወቂያና የመርከቦች መግቢያ ሰዓት ነበር። ሁለቱም አስተያየት አይጠይቁም፤ ስለዚህ ደስ ይሉኝ ነበር። በየካቲት አንድ ጠዋት ግን ካፑቶ ከበረዶው ጋር እየተጨቃጨቁ ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፉ።

«ማሪት! ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ መልስ የሚሰጠኝ የለም። በዚህ ከተማ ጥሩ በርገር የት ነው የሚገኘው?»

«እ... ብዙ ቦታ አለ።»

«ይኸው! ሁላችሁም ብዙ ቦታ አለ ትላላችሁ። ዞረሽ ቅመሺና ጻፊልኝ።»

«እኔ?»

«አንቺ። አፍ የለሽም?»

«ለመብላት እንኳ አለኝ።»

«በቃ፣ በእሱ ጀምሪ።»

ዞርኩ። በወደቡ ጫፍ አዲስ የተከፈተው ምግብ ቤት በርገሩን ማርማላታ ቀብቶ በጣውላ ላይ ያቀርባል። ጣውላው ጥሩ ነበር። ስለ በርገሩ «ለየት ይላል» ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲህ ያለ ከባድ ቃል በሰው ላይ ጽፌ ስለማላውቅ ማታ ሲቆጨኝ አደረ። ስለ ሌሎቹም የሚገባቸውን ጻፍኩ። የአክስት ቬርናን ለመጨረሻ አስቀረሁት።

አክስት ቬርና የእኔ አክስት አይደሉም፤ ከተማው ሁሉ ነው እንዲህ የሚጠራቸው። በርገር ቤታቸው ኮረብታው ላይ፣ በጎማ ጠጋኙና በልብስ ማጠቢያው መካከል ነው። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ መጥበሻው ላይ የሚቆመው የወንድማቸው ልጅ ሶረን ነው፤ የቤቱም ዕጣ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። አክስት ቬርና ቤቱን እንዲረከባቸው ሁለት ጊዜ ጠይቀውታል። ሁለት ጊዜም እምቢ ብሏል፤ እንደ ደንቡ። በእኛ ዘንድ ሲጋብዙት በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው ስድ ነው። በሁለተኛው እሺ የሚል ደግሞ ርቦት መሆን አለበት። ጥያቄ የሚባለው ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ የጠየቁት በምስጋና ቀን ነበር። «ኧረ ተይ አክስቴ፣ አንቺ እያለሽ» አለ። ሁለተኛው በገና ነበር። «ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም» አለ። ሦስተኛው በመጪው ቅዳሜ፣ በልደታቸው ቀን እንደሚሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ካልመጣ ሶረን አሪዞና ይሄዳል። ወንድሙ እዚያ ሥራ አግኝቶለታል፤ የቤት ማቀዝቀዣ መትከል።

ሶረን አሪዞና ቢሄድ እኔን የሚመለከተኝ ነገር የለም። ለእናቴም እንደዚህ ነው ያልኳት፤ ሳትጠይቀኝ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ነበር። የአክስት ቬርና በርገር የሚቀርበው በሆምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር ነው። ሶረን ለሰው ሁሉ ትንሽ ያደርግና ለእኔ ጨመር ያደርግልኛል። እኔም ሁሉንም እበላለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

የዚያን ቀን ሥጋውን በቀጭኑ ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር መጥበሻው ላይ ጣለና በብረቱ ተጫነው። ጠርዙ ዳንቴል እስኪመስል ድረስ ጠበሰው፤ ዳቦውን እንፋሎቱ ላይ አስቀመጠ። አቀረበልኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ የጸዳውን መጥበሻ ያጸዳ ጀመር። ጆሮው ቀልቷል።

«እህስ?» አለ፣ ሳይዞር።

ዋጥኩ። «ምንም አይልም» አልኩ።

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። «አይ፣ ተይ እንጂ» አለ።

ቢሮ ተመልሼ ጻፍኩ፤ «የአክስት ቬርና በርገር ምንም አይልም። ሶረን መጥበሻውን ያውቅበታል።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት፣ መለስኩት፣ ደግሞ ሰረዝኩት። በመጨረሻ መለስኩትና ሳላየው ለካፑቶ ላክሁ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።

ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። ጠዋት እናቴ ከፊቴ ዘርግታው ቡና ቀዳችልኝ። በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ የእኔ ስም ሰፍሮ፣ እንዲህ ይላል፤

«የአክስት ቬርና በርገር ለየት ይላል!!! እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም!»

«ምን አድርጎሽ ነው ልጁ?» አለች እናቴ፣ በጣም ቀስ ብላ።

ካፖርቴን ሳልቆልፍ ቢሮ ሮጥኩ። ካፑቶ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ዶናት ይበላሉ።

«ሚስተር ካፑቶ፣ ምን አደረጉ?»

«አዳንኩሽ! ራሴ ሄጄ ቀመስኩት እኮ። ከእናቴ ቤት ወዲያ እንደዚያ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም፤ እናቴ ግን እንዳትሰማ። ያችን ምስኪን ሴትዮ፣ ጉልበቷን የታመመችውን፣ በጋዜጣ ላይ ‹ምንም አይልም› ትያታለሽ? ጭካኔ ነው።»

«ምንም አይልም ማለት እኮ...» የካፖርቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። «ምንም አይልም ማለት ነው።»

«ይኸው!»

«ከዚያ በላይ የለም ማለቴ ነው። አባቴ በሠርጋቸው ቀን እናቴን አይቶ ‹ምንም አትልም› ነው ያለው። እስከ ዛሬ ታወራዋለች።»

ዶናቱን አስቀመጡ። «ለየት ይላልስ?»

«ለየት ይላል የሚባለው የጎረቤት ልጅ ቫዮሊን ሲለማመድ ነው። የአያቴን ራጅ ያየው ሐኪም ‹ለየት ይላል› አለን። ወሩ ሳይወጣ ቀበርናት።»

ካፑቶ ጋዜጣውን አንሥተው ርዕሱን ደግመው አነበቡት።

«እሺ፣ እርማት እናውጣ» አሉ በኋላ። «ምን ብለን? ‹በሐሙሱ ጋዜጣችን በርገሩ ድንቅ ነው ያልነው በስሕተት ነው፤ ምንም አይልም›?»

«አዎ! ልክ እንደዚያ!»

«ልጅት፣ እንደዚያ ብጽፍ ይከሱኛል።»

አርብ ምሳ ሰዓት ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ እግሬ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሩን ስከፍት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ እጃቸውን አየሁ። ሁሉም በፎጣ የተሸፈነ ትሪ ይዘዋል። ድንችና የተፈጨ ሥጋ በትሪ ተደርድሮ፣ ወፍራም ሾርባ ፈሶበት ምድጃ የሚገባው ምግብ ነው። ያንን ይዘን የምንሄደው ሐዘን ቤት ብቻ ነው።

አክስት ቬርና ከዘራቸውን ተደግፈው ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ትሪ በመጣ ቁጥር «ኧረ ለምን ደከማችሁ» ይላሉ። የፓስተሩ ባለቤት እጃቸውን ይዘው ይደባብሱላቸዋል። በየቀኑ ምሳቸውን እዚያ የሚበሉት ጡረተኛው መርከበኛ ኦርቪል ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሶረንን ያጽናናሉ።

«አሪዞና ሞቃት ነው ይላሉ» አሉት።

«ደረቅ ሙቀት ነው ይላሉ» አለ ሶረን።

«ደረቅ ከሆነማ።»

አየኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጨዋነት ብቻ። «እንኳን ደህና መጣሽ ማሪት። ዛሬ አየሩ ይሻላል» አለኝ። ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። በርገር አቀረበልኝ። ሳህኑን አየሁት። ኪያር የለም። አንድም።

ይሄኔ በሩን በርግደው ካፑቶ ገቡ፤ በረዶው እስከ ጉልበታቸው።

«አላልኩሽም!» ብለው ጮኹ። «ይህን ሁሉ ሰው ተመልከቺ! ጽሑፉ ሠራ!» ከዚያ ትሪዎቹን አዩ። «ቆይ፣ ምግብ ቤት ምግብ ይዘው ነው የሚመጡት?»

«ሐዘን ነው» አሉ ኦርቪል።

«ውይ! ማን ሞተ?»

«በርገሩ።»

ካፑቶ ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ አክስት ቬርና ዞሩ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሊወጡ ቃጡ፤ ወንበሩ ስለሚሽከረከር ተዉት። «ስሙኝ! ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ልጅቷ አይደለችም! እሷ የጻፈችው ‹ምንም አይልም› ብላ ነው። የሰረዝኩት እኔ ነኝ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ትሪው አቀረቀረ። እንግዳ ሰው ሲጮህ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

«ደግ ሰው ናቸው» አሉ የፓስተሩ ባለቤት ለጎረቤታቸው። «ልጅቷን ሊሸፍኑላት ነው።»

«ሦስት ቃለ አጋኖ የደረደረ ሰው ምኑ ይታመናል» አሉ ኦርቪል።

አክስት ቬርና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። መጥበሻው ብቻ መንጫጫቱን ቀጠለ።

«ማሪት፣ ልጄ» አሉ። «ነገ ልደቴ ነው። ነገ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ግን ተውኩት። ሰው በማይወደው ነገር ላይ የወንድሜን ልጅ አስሬ አላስቀረውም። አንቺ ቀምሰሻል። ከአፍሽ ልስማው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ እጄን ያወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም መስኮት እንዲዘጋ ለመጠየቅ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያንንም ተውኩት። ከሳህኑ ላይ በርገሩን አንስቼ ጎረስኩ፤ ጊዜ ለመግዛት ነበር። አልረዳኝም፤ ይልቁንም ሽንኩርቱና የተጠበሰው ጠርዝ አፌ ውስጥ ተገናኙና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ምንም አይልም» አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሶረን ግን አሁንም መጥበሻውን እያየ ነበር፤ ጆሮውም ነጭ ነው።

«በጣም» አልኩ። «በጣም ምንም አይልም።»

የሆነ ሰው ሹካ ጣለ። የፓስተሩ ባለቤት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ኦርቪል ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«በሰው ፊት» አሉ በሹክሹክታ።

አክስት ቬርና አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ነገን መጠበቅ ምን ያደርጋል» አሉ። «ሶረን፣ ቤቱን ትረከበኛለህ ወይ?»

ሦስተኛው ነበር። ሁላችንም ጠበቅን። ሶረን ብረቱን አስቀመጠ፤ እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ወደ አክስቱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ።

«ማሪት» አለ። «አሪዞና... ባልሄድስ?»

ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ። እናቴ እዚያ ብትኖር ትቆነጥጠኝ ነበር።

«ምንም አይልም» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። መጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ ሁሉም። «እሺ አክስቴ» አለ።

ሰዉ ባንድ ጊዜ ስለ አየሩ ያወራ ጀመር። ካፑቶ ግራ ገብቷቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ።

«ምንድነው? ምን ተባለ? ምን አመለጠኝ?»

«ተጫጩ» አሉ ኦርቪል።

«እነማን?!»

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«እነዚህ ሁለቱ?! መቼ?»

«አሁን። በርስዎ ፊት። እኔ እዚህ ቤት ስበላ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ልጆች ቢኖሩ ኖሮ አስወጣቸው ነበር።»

ካፑቶ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። የፓስተሩ ባለቤት ትሪያቸው አሁን ሐዘንተኛ ስላጣ ቆረስ አድርገው ሰጧቸው። ካፑቶ በሉ፤ ብዙ አላመጡት። ሴትዮዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ትልቅ ትግል ታገሉ።

«ምንም አይልም» አሉ።

የፓስተሩ ባለቤት እስከ አንገታቸው ቀሉ። ሌላ ቆረሱላቸው። ካፑቶ እምቢ አሉ፤ ደግመው ሲያቀርቡላቸውም እምቢ አሉ። ከዚያ እንደዳኑ መስሏቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

ሦስተኛው ሳህን ከፊታቸው ሲቀመጥ እኔ አላየሁም። የእኔን ሳህን ሶረን ወስዶት ነበር። መልሶ አመጣውና ከፊቴ አኑሮት ወደ መጥበሻው ተመለሰ። ከኪያር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። በርገሩ ከሥሩ መኖሩን አምኜ ጀመርኩ።