መርዶው ሰኞ ነው

7.
«ባለቤትዎ ከሞቱ በኋላ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?»

ከአፌ አምልጦኝ አይደለም። ከወረቀት ላይ አንብቤ ነው።

1. የተገልጋይ ስም
ዘርፌ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአማቷ ከእማማ የሺመቤት ጋር ትኖራለች። ሴት ልጅ ወልዳ ሰባ አምስተኛ ቀኗ ነው።

ቁጥሮቹ የቅጹ ናቸው። በተራ ባልሄድ ታገሡኝ፤ ለአለቃዬ በተራ ጽፌው ውሸት ሆኖብኛል።

3. የባል ሁኔታ
ሥራዬ ጦርነቱ የጎዳቸውን ቤተሰቦች ቤት ለቤት እየዞሩ ማማከር ነው። በተሰጠኝ ዝርዝር ላይ «ባል፦ ሟች፤ እናቱ የሰሙት ከአራት ወር በፊት» ይላል። አመንኩት።

ዝርዝሩ የማይለው ይኸውላችሁ። እማማ የሺመቤት የልጃቸውን የአባተን ሞት ሲሰሙ ለምራታቸው አልነገሩም። ያኔ ዘርፌ እርጉዝ ነበረች። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፤ ለአራስም አይነገርም። የሕፃኗ ክርስትና ይለፍና ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ይነግሯታል ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። እማማም ሐዘናቸውን ውጠው ገንፎ ሲያገነፉ ከረሙ።

እኔ ወሎዬ ነኝ። ይህን ወግ አውቀዋለሁ። ከመግባቴ በፊት ጎረቤት መጠየቅ ነበረብኝ።

አልጠየቅኩም።

7.
እማማ ውሃ ሊቀዱ ቦኖ ወርደዋል። ዘርፌ ልጇን ታጠባለች። ጥያቄውን አነበብኩላት።

ዘርፌ፦ ሞተ እንዴ?
እኔ፦ ዝርዝሩ እንደዚያ ይላል።
ዘርፌ፦ መቼ?
እኔ፦ አራት ወር ሆነው።
ዘርፌ፦ እማማ ያውቃሉ?
እኔ፦ ያውቃሉ።

ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረቻት።

ዘርፌ፦ እንቅልፌ ደህና ነው። ጻፈው።

ጻፍኩት።

8. ተገልጋይ የሚፈልገው ድጋፍ
ዘርፌ፦ እንዳወቅኩ እማማ እንዳይሰሙ። አራት ወር ሙሉ ለእኔ ብለው አላለቀሱም። ልፋታቸውን ገደል ልክተተው?
እኔ፦ አልናገርም። ይቅር በይኝ።
ዘርፌ፦ ክርስትናው እሑድ ነው። መርዶው ሰኞ መሆኑ ነው። ሰኞ መጮህ አለብኝ፣ አይደል?
እኔ፦ የተሰማሽን ብቻ...
ዘርፌ፦ ምንም አልተሰማኝም እኮ! ውስጤ ጭጭ ብሏል። ዝም ካልኩ ደግሞ ያውቁብኛል። አንተ የተማርከው ይሄን አይደል ወንድሜ? እንዴት ነው የሚጮኸው?

9. የተሰጠ ምክር
ሁለት ዓመት ሠልጥኛለሁ። የሚጮህን ሰው ማረጋጋት እችላለሁ። ማስጮህ ግን ማንም አላስተማረኝም።

«በቀስታ ተንፍሺ» አልኳት።

አፈርኩ።

12. ክትትል
ሰኞ ማለዳ። ሽማግሌዎቹ «የጤና ሰው አብሮን ይኑር» ብለው ጠርተውኝ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ለመቅረት ሰበብ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

እማማ የሺመቤት በሩን ከፈቱልን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሕፃኗን ከዘርፌ ክንድ ተቀብለው አቀፏት።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ዘርፌ፣ በርቺ። አባተ የለም» አሉ።

እማማ ዓይናቸውን ከዘርፌ አፍ ላይ አልነቀሉም። እሷ ካልጀመረች እሳቸው አያለቅሱም።

ዘርፌ እኔን አየችኝ።

አፏን ከፈተች።

13. የተገልጋይ ምላሽ፦
ይህን ቁጥር ባዶ ተውኩት።