የሻምበል ጂራ ሩሲያዊት

ሻምበል ጂራ ሩሲያ ውስጥ ሚስት እንዳለችው መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔ ነኝ፤ ኋላ አምቦ በሙሉ የራሱ ግኝት አድርጎ አወራው እንጂ።

ጂራ የጊንጪ ልጅ ነው፤ የሚግ አብራሪ። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ከአየር ኃይል ተመርጦ ወደ ሩሲያ ሲሄድ የእህቴ የወርቅቱ እጮኛ ነበር። ሩሲያዎች ከየወዳጅ አገሩ አብራሪ እየወሰዱ ለጠፈር ያሰለጥናሉ ተባለ። የቬትናሙ ወጣ፣ የኩባው ወጣ፣ የሞንጎሊያው ወጣ፤ ሁሉንም በሬዲዮ ሰማን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፉፋ በየስብሰባው «ቀጥሎ የኛው ልጅ ነው!» እያለ ጣቱን ወደ ቆርቆሮው ጣራ ይቀስራል፤ እኛም አንጋጠን ቆርቆሮውን እናያለን።

በሰባ አምስት መስከረም ላይ ጂራ ተመለሰ። ሳይወጣ ተመለሰ።

«ለእረፍት ነው» አለ። እረፍቱ ጥቅምትን በላ፣ ኅዳርን በላ። ጊንጪ እናቱ ቤት ተቀምጦ አልፎ አልፎ እኛ ዘንድ ብቅ ይላል። ሰው «ጠፈሩ እንዴት ነው?» ሲለው «ደህና ነው» ይላል፤ ስለታመመ ጎረቤት የተጠየቀ ይመስል። በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄድና ፊቱ አመድ መስሎ ይመለሳል። «የት ነበርክ?» «ለጉዳይ።» የምን ጉዳይ እንደሆነ አይናገርም። ደግሞ ከኋላው ሲጠሩት አንገቱን አያዞርም፤ እንደ ጋሪ ሙሉ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ሲቀመጥ ግድግዳ አጠገብ ነው፤ አንድ እጁ ግድግዳውን ሳይነካ አይውልም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ የለም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ፣ የተቀደደውን ጫፍ በግምት እየሞላሁ ነው የተማርኩት። እንደዚያ ያነበበ ሰው የጎደለ ወሬ አያታልለውም። ከሩሲያ ተምረው የመጡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ ሚስት ይዞ መጣ፣ ሌላው ሚስት ትቶ መጣ። ሦስተኛ ዓይነት አላየሁም።

«ወርቅቱ፣ ይሄ ሰውዬ ነጭ ሚስት አለችው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ሦስት ዓመት የጠበቅኩት እኔ፣ የምትቀኚው አንቺ።»

«ቅናት አይደለም። በየወሩ ማንን ሊያይ ነው የሚሄደው? አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶላት ቢሆንስ?»

ያን ቀን እጇ ላይ የነበረውን ሹራብ ስትሠራ አልዋለችም፤ ስትፈታው ነው የዋለችው።

ጂራ ሽማግሌዎች የሚልክበት ቀን በተቆረጠበት ሰሞን፣ ከወንጪ ሐይቅ ማዶ ያለችውን አክስታችንን ድንቅቱን እንጠይቅ ብዬ እሱንና ወርቅቱን ወደ ሐሮ ወንጪ ይዤ ወጣሁ። ልቤ ግን አክስቴ ዘንድ አልነበረም። ሐይቅ መካከል ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ መሄድ አይችልም፤ እዚያ ልመረምረው ነው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከግንድ የተቦረቦረችው ጀልባ ተጠግታ ቆማለች።

«እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አለ ጂራ።

«ምነው? ሰማይ ልትገባ አልነበር እንዴ?»

ወርቅቱ ቆነጠጠችኝ። «ሲንቄ!»

«ልጠይቅ እንጂ! ጠፈርተኛ ውሃ ይፈራል የሚል ጋዜጣ አላነበብኩም።»

ጂራ አየኝ። ኩራት አለበት፤ የምወድለትም የምጠላበትም እሱን ነው። ገባ። ገና ከዳር ፈቀቅ ከማለታችን የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ፤ ግንባሩ ላብ አወጣ። ጥቂት ስንቀዝፍ ጭንቅላቱን ወደ ውሃው ደፍቶ ያስመልሰው ጀመር።

«ጌታው፣» አለ ቀዛፊው በኦሮምኛ፣ «መንገድዎ ወደ ላይ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ወደ ታች ነው እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ። ወርቅቱ አልሳቀችም። «መልሰን» አለችው ቀዛፊውን።

ዳር ላይ ሣሩ ላይ ተዘረረ። እኔ ሰው ወደቀ ብዬ ጥያቄዬን የምተው ዓይነት አይደለሁም፤ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሩሲያዋ።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ፊቱ ገና እንደገረጣ ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ወንበር ናት» አለ።

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። የምትሽከረከር ወንበር ናት። ዓይኔን አስጨፍነው ያስቀምጡኝና ያሽከረክሩኛል፤ እየተሽከረከርኩ ጎንበስ ቀና በል ይሉኛል። ሁለት ዓመት ቻልኳት። ከዚያ አንድ ክረምት በትኩሳት ተያዝኩ፤ ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮዬ ገባ። ከትኩሳቱ ዳንኩ፣ ከወንበሯ ግን አልዳንኩም። ከጠፈሩ ሰረዙኝ። እዚህ ስመጣ ሚጉንም ከለከሉኝ። በየወሩ የምሄደው ለምርመራ ነው። ‹ምናልባት ይሻልህ ይሆናል› ይሉኛል፤ አይሻለኝም።»

«ጆሮና ሰማይ ምን አገናኛቸው?» አልኩ። «ተነስ። ዓይንህን ጨፍነህ ዙር።»

«ሲንቄ፣ ተይው» አለች ወርቅቱ።

እሱ ግን ተነሳ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛውን ሳይጨርስ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቀ።

«ማስመሰልም ይችላል» አልኳት።

«የሚያስመስል ሰው እጁን ይዘረጋል» አለች። «ይሄ በፊቱ ነው የወደቀው።» እውነትም አፍንጫው እየደማ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ጠርጋ ስትጨርስ ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማይበር አብራሪ ማን ልጁን ይሰጣል?»

«ሚስት ብትኖርህ የማደርገውን አውቅ ነበር፤ ስቄ እሸኝህ ነበር። አንተ ግን ሦስት ወር ሙሉ ፊቴን እያየህ ነው የዋሸኸኝ። ይሄን ምን እንደማደርገው አላውቅም።»

ጂራ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«እሁድ ሽማግሌዎችህ ይመጣሉ» አለች። «አባቴ ‹ልጁ ምን ይሠራል?› ብሎ ይጠይቃል። እነሱም ያንተን ውሸት እውነት መስሏቸው አባቴ ቤት ቆመው ይመሰክራሉ። እኔ እንዲህ አልዳርም። ራስህ መጥተህ ተናገር።»

«በሽምግልና ቀን እጮኛው አይመጣም። ነውር ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«መዋሸትስ?»

«ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጓድ ፉፋ ነው፣ ወርቅቱ። ስለ ስልጠናው አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ተብያለሁ። እሱ ደግሞ ለአውራጃው ሳይቀር ‹ልጃችን ሊወጣ ነው› ብሏል። እሱ ፊት አፌን ብከፍት የት እንደማድር አላውቅም።»

«እንግዲህ ምረጥ» አለች። ወደ አምቦ ስንመለስ፣ አይመጣም አልኩ በሆዴ። በኔ እምነት ለመብረር የሚያስፈልገው ድፍረት ሌላ ነው፣ ለመናገር የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ሁለተኛው አለው ብዬ አልጠበቅኩም።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የጂራ አጎት ኦቦ ኢዶሳ፣ ጓድ ፉፋና አንድ የጊንጪ አዛውንት። አባቴ ኦቦ ዳዲ «ተቀመጡ» ቢላቸው እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እናቴ፣ ወርቅቱና እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነን። ጓድ ፉፋ ሽምግልናውን ስብሰባ አደረገው።

«ኦቦ ዳዲ፣ ልጅዎን የምንጠይቀው ለተራ ሰው አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ ከመሬት ለሚነሳ ጀግና ነው!»

አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ መዝኖ ነው የሚናገረው። «መቼ ነው የሚነሳው?» አለ።

«ቀኑ የመንግሥት ምስጢር ነው።»

«የሚወርደውስ?»

የጊንጪው አዛውንት ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወርቅቱ ክንዴን ጨብጣለች፤ ጥፍሯ ገብቶብኛል። ‹አላልኩሽም?› ልላት አፌን ስከፍት የውጭው በር ተንኳኳ።

«ማሎ! ምነው!» አለ ኦቦ ኢዶሳ። «አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ልታዋርደን ነው? ውጣ!»

በመጋረጃው ስንጥቅ ጂራን አየሁት፤ ዩኒፎርም አልለበሰም፣ አቧራ በአቧራ ሆኗል። አንድ እጁ የበሩን መቃን ይዟል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ኦቦ ዳዲ» አለ። «ሽማግሌዎቹ የሚነግሩዎት እኔ የነገርኳቸውን ነው፤ እነሱ አልዋሹም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጠፈር አልወጣም። አውሮፕላንም አላበርም። ጆሮዬ ታሟል፤ ከሁለቱም ተሰርዣለሁ።»

እናቴ አጠገቤ ሆና «ተመስገን ጌታዬ!» አለች፤ ውጭ እስኪሰማ ድረስ። አፏን በእጄ ያዝኩ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጸሎቱ ‹ይሄን ልጅ ከሰማይ አውርድልኝ፣ ልጄን መበለት አታድርግብኝ› ስትል ኖራለች።

«ጓድ ሻምበል!» ጓድ ፉፋ ጮኸ። «የምትናገረውን እወቅ! ለአውራጃው ሪፖርት ተደርጓል!»

«ሪፖርቱ አይበርም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔም አልበርም።»

«ይሄ የመንግሥት ምስጢር ማውጣት ነው። ምስክሮች ፊት! ኦቦ ዳዲ፣ እርስዎም ሰምተዋል።»

«እኔ የሰማሁት ጆሮዬን አሞኛል ሲል ነው» አለ አባቴ።

ጓድ ፉፋ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። በሩን አልዘጋውም። አባቴ እህል እንደሚመረምር ሰው ጂራን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ታዲያ አሁን ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቢሮ ያስቀምጡኝ እንደሆን አላውቅም። ሊያሰናብቱኝም ይችላሉ። አሁን ደግሞ ሊያስሩኝም ይችላሉ።»

«ይሄን እያወቅህ መጣህ።»

«እያወቅሁ ነው።»

ወርቅቱ ክንዴን ለቀቀች። ነጠላዋን ያዝኩት፣ ነጥቃኝ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት ብቅ ስትል እኛ ቤት ታይቶ አይታወቅም፤ ኦቦ ኢዶሳ ዓይኑን ጣራ ላይ ሰቀለ።

«ሌላስ?» አለችው።

«ምን ሌላ?»

«የደበቅከኝ ሌላ ነገር አለ?»

ጂራ መሬት መሬት አየ። «አለ» አለ።

መጣችልኝ፣ ሩሲያዊቷ!

«አውቶቡስም ያጥወለውለኛል» አለ። «ፊታችሁ እያስመለስኩ እንዳልደርስ በአጎቴ በቅሎ ነው የመጣሁት። ትናንት ነው ከጊንጪ የተነሳሁት።»

«የኔ በቅሎ?» አለ ኦቦ ኢዶሳ። «ማንን አስፈቅደህ?»

የጊንጪው አዛውንት ሳቁን መያዝ አቃተው። አባቴም ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወርቅቱ ጂራን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔ በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ አይቼ አላውቅም፣ ጠርጥሬም ቢሆን። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞራ «ታኣ» አለች፤ በቋንቋችን ተቀመጡ ማለት ነው።

አባቴን አዩት። አባቴ አግዳሚውን በእጁ አሳያቸው። ተቀመጡ።

እኔ በጓሮ በር ወጣሁ። እንዲህ በቀላሉ አምኜ አልገባም፤ በቅሎዋን ላያት ነው። አጥራችን ላይ ታስራ አገኘኋት። ላቧ ኮርቻው ሥር ደርቆ ጨው ሠርቷል፣ እግሮቿ እስከ ጉልበት አቧራ ናቸው፤ ጆሮዋን ጥላ ቆማ ታንቀላፋለች። ሩቅ መንገድ የመጣች በቅሎ ናት። ይሄኛውን ማመን ነበረብኝ፤ አመንኩ።

ቀና ስል ጓድ ፉፋን አየሁት። ቤቱ በገበያው በኩል ነው፤ እሱ ግን ገበያውን ትቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ እየተቻኮለ ይወርዳል፤ ኮፍያውን እንኳ አላደረገም።

ስመለስ ሠርጉን ለየካቲት እየቆረጡ ደረስኩ። ኦቦ ኢዶሳ ስለ ድንኳን ያወራል፤ ወርቅቱና ጂራ ጎን ለጎን ባይሆንም አንድ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«የካቲት ሩቅ ነው» አልኩ። «ለዚህ ሳምንት አድርጉት።»

«ልጄ፣ ምን አጣደፈሽ?» አለ አባቴ።

«ጓድ ፉፋ ወደ ቤቱ አልታጠፈም።»

አባቴ ተነስቶ ጓድ ፉፋ ከፍቶት የሄደውን በር ዘጋው፤ ተመልሶም ጂራን «ሐሙስ ይስማማሃል?» አለው።