ሠላሳኛው ምዕራፍ

ሌንሳ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የከተማው መጽሐፍ ወዳዶች ግን የሚያውቋት በሌላ ነው፤ ያነበበችውን መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ ስትተች ብዙ ሰው ተሻምቶ ያነብላታል።

ከደራሲ ሁሉ አብልጣ የምትወደው መምህር ዘገዬን ነበር። ሁሩታ ከተማ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። «የደለል ዙፋን» የተባለው ምናባዊ ልብ ወለዳቸው ከላንጋኖ ሐይቅ በታች ስላለ መንግሥትና ሆራ ስለምትባል አስማተኛ ልጅ ይተርካል። ሆራ አንድ አስማት በሠራች ቁጥር አንድ ትዝታ ይጠፋባታል። ሌንሳ የመጀመሪያውን ቅጽ አራት ጊዜ አንብባዋለች።

ሦስተኛውን ቅጽ በወጣበት ቀን ገዛችው። ገና ከጅምሩ ቅር አላት። ሆራ እንዳሻት አስማት ትሠራለች፤ የሚጠፋባት ትዝታ ግን አይታይም። ጦርነት በጦርነት ላይ ይደረባል፣ ሰዎቹም ሁሉ በአንድ አፍ የሚያወሩ ይመስላሉ። ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ወርውራ ስልኳን አነሳች። «ደራሲው የራሱን ሕግ ረስቷል» ብላ ጀመረች። ስትጽፍ ንዴቷ ባሰባትና፣ «የሆራን እናት እንኳ እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ጊዜ አያነሳትም» ብላ ደመደመች። መጨረሻውን ገጽ አላየችውም። ጽሑፉ ግን ከቻናል ቻናል ተዛመተ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ የንባብ ክበቡን የምትመራው ጓደኛዋ ጂቱ ደራሲውን ጋበዘቻቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሥራ አምስት ያህል ሰው አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። መምህር ዘገዬ ኮታቸው የሰፋቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። ሌንሳ ማን እንደሆነች ሲነገራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጧትና ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። የእሷ ጽሑፍ ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ሠላሳኛው ምዕራፍ በሙሉ ስለ እናትየዋ ነው። አንቺ ደግሞ አትነሳም አልሽ። መቼም ሳታነቢ አትጽፊም። ተነስታም እንዳልተነሳች ሆናብሻለች ማለት ነው ብዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ከረምኩ። ተሳስቻለሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አላነበብኩትም ማለት የምትችለው ያን ጊዜ ነበር። ሌንሳ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «አልተሳሳቱም... ምዕራፉ ምንም ስሜት አልሰጠኝም» አለች።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ከሁለተኛው እትም ጨርሶ አውጥቼዋለሁ፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል» አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተወራ አልሰማችም። ፊቷ ይፋጃት ነበር። ሲያበቃ ጂቱ ትከሻዋን መታ አድርጋ «አኮራሽን እኮ!» ስትላት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መምህሩ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ አየችና እሷም ሌላ ባጃጅ አስቁማ ተከተለቻቸው። የሁሩታ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ ከውጭ እንደቆመች። «ዋሽቻለሁ። ሠላሳኛውን ምዕራፍ አላነበብኩትም። ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ነው ያቆምኩት።»

 አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ ቀና ብላ ሌንሳን አየቻት።

«ቅድምስ?» አሉ። «ሰው ፊት ስጠይቅሽ?»

«አፈርኩ።»

«ባለቤቴ ይህን ምዕራፍ አትንካው ብላኝ ነበር። ከእሷ ይልቅ አንቺን አመንኩ።» አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ሂጂና አንብቢው። ከዚያ ደውዪልኝ።»

ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ካቆመችበት ቀጠለች። መቶ ገጽ ያህል እንደ ፊተኛው አሰልቺ ነበር። ሠላሳኛው ምዕራፍ ላይ ግን ሆራ አንዲት ዓሣ ሻጭ ዘንድ ትቆማለች። ሴትዮዋ እናቷ ናት። ሆራ አታውቃትም። ለካ አስማቱ በነጻ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲጠፋባት የከረመው የእናቷ ትዝታ ነበር። እናቷ ያልተነሳችውም ለዚህ ነው። እናትየዋ ልጇን ላለማስጨነቅ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ «ከየት መጣሽ፣ የእኔ እመቤት?» ትላታለች፣ ዓሣውን ጠቅልላ ትሰጣታለች።

ሌንሳ ደወለች። «ይመልሱት። እባክዎ፣ አንድም ቃል ሳይነኩ ይመልሱት። ስለ አስማቱም የጻፍኩት ስህተት ነው።»

«ሌላውስ?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል በወደደች። «ጦርነቱ በዝቷል፣ መምህር። ሰዎቹም ሁሉ አነጋገራቸው አንድ ነው። እሱ እንዳልኩት ነው።»

 «እሺ፣ አየዋለሁ» አሉና ዘጉት።

ወዲያው ቴሌግራም ላይ ጻፈች፦ «ያልጨረስኩትን መጽሐፍ እንደጨረስኩ አስመስዬ ተችቻለሁ። ዛሬም ደራሲው ሲጠይቁኝ በሰው ፊት ዋሽቻለሁ።» የሰደባት ሰው ብዙ ነበር። ከስድቡ ሁሉ የከበዳት ግን የጂቱ አንድ መስመር ነው፦ «ከጎንሽ ተቀምጬ ነበር እኮ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክበቡ ሄደች። በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተራዋ ደርሶ ስለ ሳምንቱ መጽሐፍ አስተያየቷን ሲጠይቋት «ገና አልጨረስኩትም» አለች፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ማዳመጧን ቀጠለች።